የሙሴ ገዛኸኝ ንጹህ ወረቀት

ሙሴ ገዛኸኝ መሞቱን የሰማሁት ሱቅ ውስጥ የድሪያ ጨርቅ ስለካ ነው። የደወለችልኝ አርሂባ ሰፈር ከእሱ ክፍል ጎን የምትኖረው አስቴር ናት። «ሰሚራ፣ ጨዋው ሰው አረፉ» አለችኝ። ስሙን መጥራት አላስፈለጋትም። ጅቡቲ ውስጥ ስንት አበሻ አለ፣ ከዚያም ውስጥ ስንት ደህና ሰው አለ፤ ጨዋው ሰው ሲባል ግን እሱ ብቻ ነበር። «ነፍስ ይማር» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ሳቄ መጣ። ደንበኛዬ «ምነው፣ ደስ የሚል ወሬ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሰው ሞቶ ነው» ስላት ጨርቋን ጥላ ሄደች።

ለሞተ ሰው ክፉ አይወራም ይባላል። እኔ ደግሞ ስለዚህ ሰው በጎ በጎውን ሲያወሩ መስማት ሰልችቶኛል። ፊት ለፊት ሁልጊዜ «አንቱ» ስለው ኖሬአለሁ፤ አሁን ግን እሱም የለም፣ «እሱ» ይበቃዋል። በምን እንደሞተም መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ ከእኔ ሌላ የሚነግራችሁ የለም።

«ሙሴ» ስሙ አይደለም። ፈረንሳዮች ወንድን ሲያከብሩ «ሙስዬ» ይሉታል፤ ድሬዳዋም እዚህም የእኛ ሰው አጥፎ አሳጥሮ ሙሴ ያደርገዋል። ለሌላው ሰው ማዕረጉን ሌሎች ይሰጡታል፤ ገዛኸኝ ግን ለራሱ ነው የሰጠው። ወደ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚያስወጣው መንገድ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥላ ሥር፣ አንዲት ጠረጴዛ ነበረችው። መሥሪያ ቤቶቹ እዚያው በላይ ስለሆኑ ጉዳይ ያለው አበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ጋ ነው። ማመልከቻ በፈረንሳይኛ ይጽፋል፣ ፋይል ይዞ ይገባል፣ ይከታተላል። እኛ ነጋዴዎቹ ገበያ ላይ በሶማሊኛ ተከራክረን፣ በዓረብኛ ምለን፣ በአፋርኛ ሰላምታ ሰጥተን የምንውል ሰዎች ነን፤ የፈረንሳይኛ ቅጽ ስናይ ግን ምላሳችን ይታሰራል። ቢሮ በራስ እግር አይኬድም። ቋንቋ የሚያውቅ፣ ፀጉሩ የሸበተ የአገር ልጅ ይላካል፤ ከተላከ በኋላ ደግሞ ምን ጻፉ፣ ወረቀቱን ያሳዩኝ ማለት ነውር ነው። ሽማግሌን ቦርሳህን ክፈት እንደማለት ነው። ገዛኸኝ ዕድሜ ልኩን የኖረው በዚህች ነውር ላይ ነው።

ሰውየውን ላሳያችሁ። በሐምሌ፣ ያ ካምሲን የሚሉት ንፋስ አሸዋውን እያቃጠለ ዓይን በሚዘጋበት ወር፣ ኮት ለብሶ ክራቫት አስሮ ይሄዳል። ሎሚ ሎሚ የሚል ሽቶ ይቀባል። ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ነጭ መሐረብ አውጥቶ ይጠርገዋል። ይሄስ ይሁን። ከተነሳም በኋላ ይጠርገው ነበር። አንድ ጊዜ ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ለሚቀጥለው ሰው ነው ልጄ» አለኝ። ትሕትና መስሎኝ ተገረምኩ፤ ሞኝ ነበርኩ። ሰው ፊት ቆሻሻ ነገር ከተነሳ፣ ትል፣ ተቅማጥ፣ ቆሻሻ መጣያ፣ ማንኛውም ነገር፣ ጣቱን ወደ አፍንጫው ወስዶ መነጽሩን የሚያስተካክል መስሎ አፍንጫውን ይይዛል። ንግግሩም የታወቀ ነበር። «ጉዳይ ይነገራል እንጂ አይሸትም» ይላል። ደግሞ ሁሉን ነገር የሚዘጋው «ዝም አይነቅዝም» በሚለው ተረት ነው፤ ከጥርስ ሕመም እስከ ባልና ሚስት ጠብ መድኃኒቱ ይቺው ነበረች።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። እኔና እናቴ ወይዘሮ ዘይነባ የምንኖረው ሃያብለ ሰፈር ነው፤ ግማሹ ብሎኬት ግማሹ ቆርቆሮ የሆነ፣ በእናቴ ስም ያለ ቤት። የድሮው ሽንት ቤታችን ተደረመሰ። የእማዬ ጉልበት ደግሞ ከታመመ ቆይቷል፤ መቀመጥም መነሳትም ጭንቋ ነው። ስለዚህ መቀመጫ ያለው፣ ሰድር የተነጠፈበት ሽንት ቤት አሠራሁላት፤ ከጓሮ ፎስ ሴፕቲክ ተቆፈረ። ፎስ ሴፕቲክ ሁለት ክፍል ያለው የሲሚንቶ ጉድጓድ ነው፤ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ እዚያ ይጠራቀማል፣ ሲሞላ መጣጭ መኪና መጥቶ ይመጠዋል። ለዚህ የሰፈሩ አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህን ያወቅነው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ሁለት ሰዎች መጥተው የጉድጓዱን ክዳን በቀይ ቀለም አሰመሩበትና «ፈቃድ ሳይወጣ ከተከፈተ ይደፈናል» ብለው ሄዱ።

ያ አዲስ ሽንት ቤት እንደ ሙሽራ ክፍል ተቆልፎ ቀረ። እማዬ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ኩስኩስቷን በአንድ እጅ፣ ምርኩዟን በሌላው ይዛ፣ በዚያ ፀሐይ መንገዱን ተሻግራ ኤዶ ሃሊማ ቤት ትሄዳለች። ኤዶ ማለት በሶማሊኛ አክስት ነው፤ ሃሊማ አክስቴ አይደለችም፣ ግን ከአክስት ትበልጣለች። እማዬ በሯ ላይ ደርሳ አታንኳኳም። ትቆምና ታስላለች። ሃሊማም ሳትጠይቅ ትከፍትላታለች። አንዲት አሮጊት በሰው በር ላይ ቆማ ስታስል ማየት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው ልጇ ብቻ ነው።

«ሙሴ ገዛኸኝን አናግሪልኝ» አለችኝ እማዬ። አናገርኩት። ጉዳዩን ገና ከመጀመሬ ጣቱ መነጽሩ ላይ ወጣ። «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል፤ አትዘርዝሪው። በእናትሽ ስም ነው አይደል?» አለኝ። ገንዘብም አልጠየቀ፤ ጨዋ ሰው ገንዘብ አይነካም። ዓርብ ዓርብ ግን ስለ ፋይሉ ሊነግረን ለምሳ ይመጣ ጀመር። የመን ምግብ ቤት የሚጋገረውን ዓሣ አስመጣለሁ፣ እሱም ጭንቅላቱ ሳይቀር ይበላዋል።

«ፋይሉስ ሙሴ?» ትለዋለች እማዬ።

«እየሄደ ነው ወይዘሮ ዘይነባ።»

«የት ደረሰ?»

«መንገድ ላይ ነው። ወረቀት ካጣደፉት ይደናቀፋል።»

አንድ ዓርብ እኔ ትዕግሥቴ አልቆ «ጓሮ ገብተው ጉድጓዱን አይተውታል ለመሆኑ? ሳያዩት ምን ብለው ይጽፋሉ?» አልኩት። ሹካውን አስቀመጠ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እናቴ ዞሮ «ወይዘሮ ዘይነባ፣ እኔ የእርስዎን ቤት የማውቀው በሳሎኑ ነው» አላት። እማዬ በደስታ ቀላች። እሱ ከሄደ በኋላ «አየሽ ጨዋነት?» ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ያየሁት የዓሣውን አጥንት ነው።

ሁለት ወር ሊሞላው ሲል ወረቀቱን ይዞ መጣ። ላስቲክ ውስጥ ገብቷል፣ ማህተሙ ሰማያዊ፣ ፊርማው ረጅም። ቆሞ በአማርኛ አነበበላት፦ «ወይዘሮ ዘይነባ በግቢያቸው ውስጥ ላሠሩት ግንባታ ተፈቅዶላቸዋል።» እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔም የፈረንሳይኛ ፊደል ባላጣም፣ ማህተሙን አየሁና ረካሁ። ማህተም ያየ ሰው ጽሑፍ አያነብም። ቀዩን ቀለም የሚያነሱት ያሰመሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፣ በዚህ ሳምንት ይመጣሉ፣ እስከዚያ እንዳትነኩት ብሎን ሄደ። ከመሄዱ በፊት ወንበሩን ጠረገ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን እኔ ሱቅ እያለሁ ቤታችን ደጃፍ ላይ የውሃ ቦቴ ቆመ። ሾፌሩ በእጁ የስም ዝርዝር ይዟል። «ወይዘሮ ዘይነባ እዚህ ነው? ወረቀታችሁን አሳዩኝ» አለ። እማዬ ከሳጥኗ አውጥታ ሰጠችው። አነበበና «ጉድጓዱ የታለ እናቴ?» አላት። እሷ በምርኩዟ ወደ ጓሮ ጠቆመችው። ሾፌሩ ክዳኑን አየና «ይሄ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ግን የማታውቀው ወንድ ነው፤ እንዴት ብላ፣ ምን ብላ ትንገረው? በኋላ እንደነገረችኝ «ቀለሙን ሊያነሳ የመጣው ሰው መስሎኝ፤ እንዳያፈስ በውሃ ሊሞክረው ነው ብዬ» ዝም አለችው። ዝም አይነቅዝም አይደል? ሾፌሩ ክዳኑን አነሳ፣ ቱቦውን ከተተ፣ ውሃውን ለቀቀና ጥላ ፍለጋ ወጣ።

ጉድጓዱ ሞላ። ከዚያ ፍሳሽ በሚያስገባው ቧንቧ ወደ ኋላ ተመልሶ ሽንት ቤቱን ሞላ። ከዚያ አጥሩ ሥር ያለውን አዲስ የተቆፈረ አፈር ሰርስሮ መንገዱን አቋረጠና ቁልቁል ኤዶ ሃሊማ ግቢ ገባ። ሃሊማ ለልጇ ሠርግ የገዛችውን ዱቄት መሬት ላይ ደርድራ ነበር። ተጠርቼ ስደርስ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። በዚህ ምድር ከሽንት ቤት ጉድጓድ የወጣ ንጹህ ውሃ ያየን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ ንጹህ ነው ብል ግን ማን ይመነኝ?

«ወላሂ ንጹህ ነው ኤዶ፣ ማንም አልተጠቀመበትም!» እላለሁ እየማልኩ።

«ከሽንት ቤት ነው የወጣው፣ በዓይኔ አይቻለሁ!» ትላለች ሃሊማ፣ ዱቄቷን እያነሳች። «እኔ በሬን ከፈትኩላችሁ፤ እናንተ ነጃሳ ለቀቃችሁብኝ!» ከዚያ በሯን ዘጋችው፣ መቀርቀሪያው ሲገባ እስከ እኛ ቤት ተሰማ።

ወረቀቱን ከሾፌሩ እጅ ተቀበልኩና ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ብዙውን ቃል አላውቀውም። አንዱን ግን አውቀዋለሁ፤ ሰፈራችን በሚመላለሰው ቦቴ ሁሉ ጎን ላይ የተጻፈ ቃል ነው። ሲቴርን። የውሃ ማጠራቀሚያ። ሙሴ ገዛኸኝ ለእናቴ ያወጣላት የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ፈቃድ ነው፤ በዚያም ምክንያት ስሟ ውሃ ከሚታደላቸው ቤቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

በማግሥቱ ጠረጴዛው ድረስ ሄድኩ። ሁለት ሰዎች ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ፊቱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ወረወርኩት ብል ይሻላል።

«ምን ብለው ነው የጻፉት?»

«ቀስ በይ ልጄ፣ ሰው አለ።»

«ሲቴርን ብለዋል!»

«ታዲያስ? ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ አይደለም እንዴ? ውሃ ያው ውሃ ነው።»

«ሽንት ቤት ነው ሙሴ! ሽንት ቤት!»

ሁለቱ ባለጉዳዮች ወደ መሬት አዩ። እሱ ጣቱን መነጽሩ ላይ አድርጎ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ እኔን ጨዋነት የሚያስተምር መስሎ፣ «ስሚኝ። ወረቀት ከሰው በኋላ ይኖራል። የእናትሽን ስምና ያንን ነገር በአንድ መስመር አልጽፍም። አልጻፍኩምም፣ አልጽፍምም» አለኝ። ያ መልሱ ነበር። ይቅርታ የለ፣ ድንጋጤ የለ። ሲያዩት ያምር ሲበሉት ያቅር ማለት ይሄ ነው። ለካ ያ ሁሉ ኮት፣ ያ ሁሉ ሽቶ፣ ውስጡ ይሄ ኖሯል፤ የሰው ችግር ከሚነካው ይልቅ ሰው በችግሩ ቢሞት የሚቀለው ፈሪ። የሚናቅ ሰው ነው ብዬ የደመደምኩት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሐሳቤን አልለወጥኩም።

ቤት ስመለስ እማዬ ስለ እሱ ምንም አልጠየቀችኝም። የሃሊማ በር ከተዘጋ ወዲህ እናቴ ውሃ መጠጣት አቁማ ነበር። አልነገረችኝም። ፆም ነኝ አለችኝ፤ ፆሙ ግን ፀሐይ ገብቶም አልተፈታም። ካልጠጡ መሄድ የለም፣ ሒሳቡ ይሄው ነው። በሦስተኛው ቀን ከሱቅ ስመለስ ምንጣፉ ላይ በጎኗ ወድቃ አገኘኋት፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ተሰንጥቋል፣ ኩስኩስቷ አጠገቧ ሙሉውን እንዳለ ነው። በማንኪያ እያንጠባጠብኩ ውሃ አጠጣኋት። ስትነቃ መጀመሪያ የተናገረችው «አታጠጪኝ፣ ኋላ የት እሄዳለሁ?» የሚል ነበር። እኔ ያን ዕለት አለቀስኩ። ገዛኸኝን ደግሞ ያን ዕለት ረገምኩት፤ በአማርኛም በሶማሊኛም።

በነጋታው የሰፈሩ አስተዳደር ቢሮ ራሴ ሄድኩ። ባለጉዳይ የሚስተናገድበትን ጣውላ ተደግፌ ቆምኩ። ከኋላዬ ቢያንስ ሃያ ሰው አለ፣ ከመካከላቸው የማውቃቸው ነጋዴዎች አሉ። ተራዬ ሲደርስ «ፎስ ሴፕቲክ!» ብዬ ጮህኩ። እርግጠኛ ነኝ ወደብ ድረስ ተሰምቷል። «እናቴ ሽንት ቤት ትፈልጋለች!» ብዬ በሶማሊኛ ጨመርኩበት።

ማንም አልሳቀም። ጣውላው ጀርባ የተቀመጠችው ቴክኒሺያን፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ወጣት ሴት፣ የእናቴን ፋይል አውጥታ አየችና ቀና አለች። «አንቺም የሙሴ ገዛኸኝ ነሽ?» አለችኝ። መሳቢያዋን ሳበችው። ውስጡ ፋይል ሞልቷል። የአንዱን አበሻ ቤት ጉድጓድ የአበባ መደብ ብሎታል፣ የአንዱን ምድር ቤት፣ የአንዱን ፏፏቴ። ሃያብለ ላይ ፏፏቴ! «እኛኮ እናንተ ሰዎች ሽንት ቤት የምትጠቀሙ አልመሰለንም ነበር» አለችኝ ቴክኒሺያኗ፣ አሁን እየሳቀች።

የጠየቀችኝ ሦስት ነገር ነው። ጉድጓዱ ከመጠጥ ውሃችን በርሜል ምን ያህል ይርቃል? ከጎረቤት አጥርስ? ሲሞላ መጣጭ መኪናው በየት ይገባል? ንድፉን እዚያው ጣውላ ላይ በእስክሪብቶ ሣልኩት፤ ልጅ የሣለው ቢመስልም ተቀበለችኝ። በሁለተኛው ቀን ሜትሯን ይዛ መጣች፣ ክዳኑን አስነስታ ጎንበስ ብላ አየች፣ አፍንጫዋን አልያዘችም። የተሸረሸረውን አጥር ሥር አስጠግኑ፣ መተንፈሻ ቧንቧውን ከጣሪያው ከፍ አድርጉት አለችን። ያን ሠርተን ፈቃዱ ወጣ። ሁለት ወር ዓሣ የበላንበት ጉዳይ ስምንት ቀን አልፈጀም። ሃሊማንም ያስታረቀችን እሷው ናት፤ ጉድጓዱ ምንም ነገር እንዳልገባበት ስትነግራት በሯ ተከፈተ። ዱቄቱን ተካሁላት፣ ሠርጉ ላይም ከአስተናጋጆቹ አንዷ እኔ ነበርኩ።

እማዬ ግን ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? ወረቀቱን ገልብጣ ገልብጣ «ስሜ አለበት?» አለችኝ።

«አለ።»

«ከ… ከሱ ጋር?»

«ከሱ ጋር፣ በአንድ መስመር።»

ፍራሿ ሥር ደበቀችው። ሽንት ቤቱን በደስታ ትጠቀማለች፣ ወረቀቱን ግን ዛሬም ለሰው አታሳይም። ዓርብ ዓርብም በእኔው ገንዘብ የተገዛውን ዓሣ ለገዛኸኝ አርሂባ ድረስ ትልክለት ነበር። «ለመምጣት አፍረው ነው። ስሜን ሊጠብቁልኝ ነው የሞከሩት» ትለኛለች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ብላ ያሳደገችኝ ሴት ናት።

አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ አስቴር ደወለችልኝ። ሙሴ ገዛኸኝ እየከሳ ነው፣ ጠረጴዛውንም ትቷል። «አንሶላቸውን የማጥበው እኔ ነኝ» አለችኝ። «ደም ነው ሰሚራ። ከዚያ ነው የሚመጣው።»

«ከየት?»

«ከዚያ ነዋ!»

እማዬ ሂጂና ሐኪም ዘንድ ውሰጂያቸው ስትለኝ ሄድኩ፤ ለእሷ ስል ነው። ኮቱን ለብሶ ጠበቀኝ። ኮቱ ውስጥ ሰው አልቀረም ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ወንበሩን ጠርጎ ተቀመጠ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ያን የቢሮ ቀን ካየሁ ወዲህ ፈረንሳይኛ በርትቼ ተምሬ ስለነበር ንግግራቸውን እሰማለሁ።

«ሽንት ቤት ሲሄዱ ደም ያያሉ?» አለው ሐኪሙ፤ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም።

«ኧረ ምንም። ትንሽ ድካም ነው ዶክተር።»

ሐኪሙ አላመነውም። ወደ እኔ ዞረ። «ልጃቸው ነሽ? እቤት ያያችሁት ነገር አለ?»

ገዛኸኝ አየኝ። ጣቱ ወደ መነጽሩ ሄደ። ያ አስተያየት እማዬ ሃሊማ በር ላይ ቆማ ስታስል የነበራት ነው፤ ሳልጠየቅ ይከፈትልኝ፣ ሳልናገር ይታወቅልኝ የሚል። ሃያ ሰው ፊት ሽንት ቤት ብላ የጮኸችው ሰሚራ፣ ሦስት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ ምላሷ ታሰረ።

«እሳቸው እንዳሉት ነው» አልኩ።

ሐኪሙ ቪታሚን ጻፈለት። ገዛኸኝ ሲነሳ ወንበሩን እንደ ልማዱ ጠረገ፤ ያን ቀን ግን ረጅም ጊዜ ጠረገው። መሐረቡን ወደ ውስጥ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ምን እንደነበረበት አይቻለሁ። ውጭ ስንወጣ እጄን ያዘና «ተባረኪ ልጄ፣ ጨዋ ልጅ ነሽ» አለኝ። ብዙ ሰው ሰድቦኝ ያውቃል፤ እንደዚያ ግን ተሰድቤ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ልቅሶው አርሂባ ግቢ ውስጥ ነበር። የመጣው ሰው መቀመጫ አጥቶ ቆመ፤ ባለ ፏፏቴውም፣ ባለ አበባ መደቡም አሉ። አንዱ ተነስቶ «ከአፋቸው ክፉ ቃል የማይወጣ ሰው ነበሩ» አለ፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የሚገባው ሁሉ «ምን አገኛቸው?» ብሎ ይጠይቃል። አስቴር እኔን አየችኝ፣ እኔ አስቴርን አየኋት። «ድካም ነበር» አልን፤ መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ እኔ። እማዬ አጠገቤ ሆና «ጨዋ እንደሆኑ ሄዱ» አለችና ዓይኗን ጠረገች።

ቤት ገብተን ብዙም ሳንቆይ ኩስኩስቷን አንስታ ወደ ጓሮ ሄደች። የሽንት ቤቱ በር ሲዘጋ፣ ውሃው ሲፈስ እሰማለሁ። የማንንም በር ሳታይ፣ ሳታስል። እኔ ደግሞ ነጭ ወረቀት አወጣሁ። ሙሴ ገዛኸኝ ወረቀት ከሰው በኋላ ይኖራል ይል የለ? እንግዲያው ይኑር፦ ገዛኸኝ የሞተው በአንጀት በሽታ ነው፣ ሽንት ቤት በተቀመጠ ቁጥር ደም እየፈሰሰው፣ ለሐኪም ሳይናገር፣ እኔ ሰሚራም እያወቅሁ ዝም ብዬ። ስሙንና ስሜን ከነገሩ ጋር በአንድ መስመር ጽፌዋለሁ።